የማን ራስ?

በአማርኛ «ራስ» ማለት ጭንቅላትም ነው፣ «እኔ» የምንለውም ነው። ስለ ጃፓን ሴቶች የጸጉር አሠራር ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ይሄ አንድ ቃል አላስቀምጥ ብሎኛል። ራስ ላይ የተሠራው ጸጉር የባለቤቷ ነው ወይስ የተመልካቹ?

በሄያን ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ794 እስከ 1185) የቤተ መንግሥት ሴቶች ጸጉራቸውን ሳያስሩ ወደ ኋላ ይለቁት ነበር። ረዝሞ መሬት ቢነካ እሰየው ነው። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ግን ጸጉር ወደ ላይ ወጣ። በሰም እየተያዘ፣ በሚዶና «ካንዛሺ» በሚባሉ ጌጦች እየተዋበ መናገር ጀመረ። ባጠቃላይ «ሺማዳ» የተሠራች ያላገባች ናት፤ «ማሩማጌ» የተሠራች ባለትዳር። መንገደኛው ሳይጠይቅ ያነባል።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ቅጽ ስንሠራ «ግዴታ» ብለን ምልክት የምናደርግባቸው ቦታዎች አሉ፤ ካልሞላችሁ አያሳልፋችሁም። በቅርቡ አንድ ሥራ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» ግዴታ ይሁን ተባለ። ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቅ «ሁሌም የነበረ ነው» ተባልኩ። ማሩማጌም እኮ ይሄው ነው፤ ራስ ላይ የተሞላ ቅጽ።

ግን ነገሩ በዚህ አያልቅም። ውበቱ እውነተኛ ነው። የኪዮቶ ማይኮዎች፣ ማለትም ጌይሻ ለመሆን የሚሠለጥኑ ወጣቶች፣ የአበባ ካንዛሺያቸውን በየወሩ ይቀያይራሉ፤ በሚያዝያ የቼሪ አበባ፣ በኅዳር የቀላ የሜፕል ቅጠል። ይህን ሁሉ ጭቆና ብቻ ብሎ መዝጋት የሠሪዎቹን እጅና የለባሾቹን ደስታ መናቅ ነው። ሆኖም ማይኮዋ የምትሠራው የራሷን ጸጉር ስለሆነ፣ እንዳይበላሽባት በርኩማ በመሰለ ከፍ ያለ ትራስ ላይ ትተኛለች። ለዓመታት እየተወጠረ የኖረ ጸጉር አናት ላይ መላጣ ይተዋል። ውበቱን ሁሉም ያየዋል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን አንዷ ናት።

እስቲ ቀጥሎ የመጣውን እዩት። በ1871 መንግሥት ወንዶች አናታቸው ላይ የሚቋጥሩትን ጸጉር እንዲቆርጡ ፈቀደ። በ1872 ደግሞ ቶኪዮ ሴቶች እንዳይቆርጡ ከለከለች። ዘመናዊነት ለወንዱ፣ ባህል ጥበቃ ለሴቷ! በ1885 ቀለል ያለ አሠራርን የሚያስፋፋ ማኅበር ተመሠረተ፤ የድሮው አይመችም፣ ለጤና አይበጅም፣ ወጪው ብዙ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ትክክል ነበር። ግን ካቋቋሙት አንዱ ወንድ ሐኪም ነው። ሴቷን ነፃ ለማውጣትም ቢሆን ስለ ራሷ የተናገረው ሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ «ያረጀ ነው ወይስ ዘመናዊ?» የሚለው ጥያቄ አይረዳንም። «ፈቅዳ ነው ወይስ ተገዳ?» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። በ1920ዎቹ ጸጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ «ሞጋ» የተባሉ ወጣት ሴቶች መሳለቂያ ሆነው ነበር። ምልክቱን ከቅጹ ላይ ማንሳት ቀላል ነው፤ ባዶ የተወችውን ሴት ሰው እንዴት እንደሚያያት ግን በኮድ አይስተካከልም። እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ አልሞላም ያለችው ምን ይደርስባታል?

ዛሬም በባህላዊ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ሺማዳ ታደርጋለች። ብዙ ጊዜ ዊግ ነው። ቅርጹ ያው የድሮው፣ ጌጡም ያው ነው። ሠርጉ ሲያልቅ ግን ታወልቀዋለች፤ በማግስቱም ያላወለቀችውን ጸጉር የሚፈልግባት የለም።