እንደራሴው ለማን ያድራል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚገዛላቸውን ሦስት ነገሮች ይዘረዝራል፤ ሕገ መንግሥቱን፣ ሕዝቡንና የገዛ ሕሊናውን። አራተኛ የለም። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ አልተጻፈም። ሥነ ዜጋ ሳስተምር ይህን ንዑስ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ መጻፍ እወድ ነበር። ሕሊናን ከሕግ አጠገብ ያስቀመጠ ሕግ፣ አሰበውም አላሰበው፣ የነፍስን ነገር ምክር ቤት አስገብቷልና።

የሥልጣን ዘመን ይገደብ የሚለው ክርክር ሲነሳ ግን ወሬያችን ሁሉ ስለ ቁጥር ይሆናል። ስንት ዓመት ይበቃል? ስንት ጊዜ ይመረጥ? በሕጋችን ርዕሰ ብሔሩ ለስድስት ዓመት ይሾማል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ጠቅላይ ሚኒስትሩና የምክር ቤቱ አባላት ግን በየአምስት ዓመቱ እስከተመረጡ ድረስ ወሰን የላቸውም። ገደቡ ያረፈው ሥልጣኑ ባነሰው ሰው ላይ ነው።

የሰፈራችን እድር ደንቡን ሲያሻሽል ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳያገለግል የሚል አንቀጽ ቀረበ። ሊቀመንበራችን የድንኳኑን ካስማ ሳይቀር ቆጥረው የሚረከቡ፣ በእጃቸው አንድ ብር ያልጎደለ አዛውንት ናቸው። ተነሡና፣ «መውረዱንስ አልጠላም። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፤ በዚህ ደንብ የምትከለክሉት እኔን ነው ወይስ ራሳችሁን? ነገ ብትፈልጉኝ እኮ መምረጥ አትችሉም» አሉ። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አባባ፣ እርስዎን ፈርተን መስሎዎት ነው? ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ነው እንጂ» ብለው መለሱላቸው። አንቀጹ በእጅ ብልጫ አለፈ።

የእናትየው መልስ ጉባኤውን አስቋል፤ የአዛውንቱን ጥያቄ ግን አልዘጋውም። ሉዓላዊነት የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ የወደደውን ሰው እንዳይመርጥ የሚከለክለው ማነው? ገደብን የሚቃወሙ ሰዎች ከሚያነሡት ሁሉ ይህ የከበደ ነው። የእኔ መልስ፣ የሚከለክለው ራሱ ሕዝቡ ነው የሚል ነው። በሑዳዴ ሥጋ የምንተወው ሥጋ ርኩስ ሆኖ አይደለም፤ ረመዳንን የሚጾሙት ጎረቤቶቼም እህልን ጠልተው አይደለም። ያልተከለከለውን ነገር በወሰኑት ቀን መተው፣ ፈቃዳችን ጌታችን እንዳይሆን አስቀድመን የምናስርበት መንገድ ነው። ሕዝብም እንደ ሰው ነው፤ ይለምዳል፣ ይሰንፋል፣ «ከእሳቸው ሌላ ማን አለ?» ይላል። ገደቡ ያንን ስንፍና የሚቀድም ውሳኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ አርጅቶ በሕዝቡ ፊት ይቆማል። የማንን በሬ እንደወሰደ፣ ማንን እንደበደለ፣ ከማን ጉቦ እንደተቀበለ ይመሰክሩበት ዘንድ ይጠይቃቸዋል፤ እነሱም ንጹሕነቱን ይመሰክሩለታል። ያን ያህል ንጹሕ የሆነ ሰው ግን ልጆቹን ዳኞች አድርጎ ሾሞ፣ በቤርሳቤህ ጉቦ ሲበሉ እንደነበር ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ ተጽፏል። ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የአንድ ሰው ደግነት ለሚቀጥለው ዋስ አይሆንም፤ ዋስ የሚሆነው ሹሙ በሕይወት ሳለ በባለቤቶቹ ፊት ቆሞ ሒሳብ የሚያስረክብበት ቀን ነው። አደራ የሚባለው መመለሻ ሲኖረው ነው፤ መመለሻ ከሌለው ስጦታ ሆኗል።

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣብን አይደለም። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳ ስምንት ዓመት መርቶ ያስረክባል፤ ወደደም ጠላም ተራው ያልፋል። በቦረና በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ያወጣል፣ መሪዎችን ይመረምራል፤ ያጠፋውን ዘመኑ ሳያልቅ ሊያወርደው ይችላል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ውስጥ ሲመዘግብ የመዘገበው ጭፈራውን ብቻ አይደለም። ሴት በመሆኔ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ የገዳ ሹመት የወንዶች ነው። ጉድለቱ ግን ዘመንን ቆርጦ ማስረከብን ዋጋ አያሳጣውም።

እስከዚህ የገደብ ወገን ነኝ። እንደራሴው ላይ ስደርስ ግን እግሬን ያዝ የሚያደርገኝ ነገር አለ፤ እሱም የሜክሲኮ ታሪክ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1933 የምክር ቤት አባል በተከታታይ እንዳይመረጥ በሕገ መንግሥቷ ከለከለች። ፊቶች በየምርጫው ይቀያየሩ ጀመር። ፒአርአይ የተባለው ፓርቲ ግን ፕሬዚዳንትነቱን እ.ኤ.አ. እስከ 2000 አልለቀቀም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው። ተመልሶ እንደማይመረጥ የሚያውቅ ተወካይ መራጩን የሚፈራበት ነገር የለውም፤ የነገ እንጀራው ያለው ቀጣዩን ሹመት በሚሰጠው ፓርቲ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ማሻሻያ ከ2018 ጀምሮ ለሚመረጡት ድጋሚ መመረጥ ተፈቀደ፤ በ2025 ደግሞ ከ2030 ጀምሮ እንደገና እንዲከለከል ተወሰነ። ወዲያና ወዲህ ማለቱ የሚነግረን፣ ዓመቱን መቁጠር ብቻውን እንደራሴውን ለሕዝብ እንዲያድር እንደማያደርገው ነው።

እኛስ ጋ? አንድ ቀን ተማሪዎቼን የምርጫ ክልላቸውን ተወካይ ስም በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ የጻፉት የፓርቲውን ስም ነበር። አንዱ ልጅ የያኔውን ገዥ ፓርቲ የኢሕአዴግን የምርጫ ምልክት «ንብ» ብሎ ጽፎ አስረከበኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልተሳሳተም። እናቱ የመረጡት በወረቀቱ ላይ ያዩትን ንብ ነበር፤ ከንቡ አጠገብ የተጻፈው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ተወካይ በአሥር ዓመት ብንገድበው የምንቀይረው ስሙን ብቻ ነው፤ ንቡ ወንበሩ ላይ ይቆያል።

የምርጫው ስሌት ነገሩን ያባብሰዋል። አንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘውን አሸናፊ ያደርጋል፤ የተቀረው ድምፅ ወንበር አያገኝም። በ1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች ሁሉንም ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ደግሞ ኢሕአዴግ 22ቱን፣ ተቃዋሚው መድረክ አንዱን አገኘ። በመካከሉ እስርም ስደትም ነበር፤ ያ አይካድም። ነገር ግን በየትኛውም ስሌት የአንድ ከተማ ሕዝብ ልብ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ወደዚያ አልዞረም። በ2007 የአገሪቱ 547 ወንበሮች በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ሲያዙ፣ ሌላ የመረጠው ዜጋ የሚናገርለት አንድ ሰው እንኳ ምክር ቤት አልነበረውም።

ተመጣጣኝ ውክልና ይምጣ የሚሉ አሉ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ግን ዝርዝሩን ፓርቲው ብቻ ካዘጋጀውና መራጩ ከነቅደም ተከተሉ ከተቀበለው፣ ተወካዩን ከበፊቱ ይበልጥ ለፓርቲው አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። ፊንላንድ ይህን በዘዴ አልፋዋለች። ወንበር ለፓርቲዎች የሚከፋፈለው ባገኙት ድምፅ ልክ ነው፤ መራጩ ግን ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የአንድ ዕጩን ቁጥር ነው። ከፓርቲው ዝርዝር ማን እንደሚገባ የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ተወካዩ በፓርቲ ዝርዝር ቢቀርብም ያለ ሕዝብ አይገባም።

ስለዚህ ምርጫው የእኔ ቢሆን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁለት የሥራ ዘመን፣ ለምክር ቤት አባል ሦስት አደርግ ነበር። በጀት ማንበብና ሚኒስትርን አፋጦ መጠየቅ በአንድ ዘመን አይለመድምና ለአባሉ ሰፋ ያለው ይሻላል። ከዓመቱ በፊት ግን የአመራረጡ መንገድ ይቅደም። አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። ይህን ለማድረግ ስንት ሰው ፈርሞ ለማን እንደሚያቀርብ የሚያውቅ ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሥርዓቱ በየቀበሌው የሚታወቅ ሊሆን ይገባል።

ገደቡም የአመራረጡ ለውጥም ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ይጠይቃሉ፤ የሚያሻሽሉትም የሚገደቡት ራሳቸው ናቸው። ከሕሊና የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሰው የራሱን መውረጃ በገዛ እጁ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ወይ እግዚአብሔርን ይፈራል፣ ወይ መራጩን። የመጀመሪያውን መለካት አንችልም። ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው። ዕጩ ለቅስቀሳ ሰፈራችን ሲመጣ መቼ እንደሚወርድ ብቻ አንጠይቀው። ፓርቲህና እኛ የተለያየን ቀን እጅህን ለማን ታወጣለህ እንበለው፤ መልሱንም ጽፈን እንያዝ፤ በአምስተኛው ዓመት ያንኑ ወረቀት ይዘን እንጠብቀው።