ደን የሚጠበቀው በማን ወጪ ነው?

የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂም ቤተሰብ አለውና ደሞዝ ይፈልጋል። ጉዳዩ ተራ የሂሳብ ሥራ ቢመስልም ከሥሩ የሃይማኖት ጥያቄ አለበት፦ ፍጥረት የፈጣሪ ከሆነ ሰው በፍጥረት ላይ ዋጋ መተመን ይችላል ወይ?

ጥያቄው በአሊዩ አምባ ጎልቶ ይታያል። ከተማዋ ከአንኮበር ግርጌ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ላይ የቆመች የቆየች የሙስሊሞች ገበያ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታጁራና የሐረር ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ያራግፍባት፣ የሸዋ ንጉሥ ሹምም ቀረጥ ይቀበልባት ነበር። በዚያው ዳገት ላይ፣ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽድና ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ። ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ቆላውን እያጠጣ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደኑ ሲዘጋ ግን ጉዳቱ የሚያርፈው እንጨት ሸጦ በሚያድረው ድሃ ደገኛ ላይ ነው፤ ጥቅሙ ወደ ቆላ ይወርዳል።

በእስልምና ትምህርት ውሃ፣ ግጦሽና እሳት የሰው ሁሉ የጋራ ናቸው። ያው ሃይማኖት ግን ወቅፍን፣ ማለትም ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው የተለየ ንብረትን፣ ያውቃል። የነቢዩ ባልደረባ ዑመር በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ ዋናው እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ፤ ፍሬው ለድሃና ለመንገደኛ እንዲውል ወሰኑ። አስተዳዳሪው በአግባቡ ከፍሬው ቢበላም ነውር የለበትም ተባለ። የጠባቂው ደሞዝ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንም ምድር ለዘለቄታው እንዳትሸጥ ይከለክላል፤ ምርቷን መገበያየት ግን ይፈቅዳል።

ዋናውን ጠብቆ ፍሬውን የመጠቀም መርህ በተግባር የታየው ከአሊዩ አምባ በስተሰሜን፣ በመንዝ ጓሳ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሲከፈት ነዋሪው ሣሩን አጭዶ ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። ወጪው የሚሸፈነው ከብትን ከልክሎ በመቆየትና በተራ በመጠበቅ ነበር፤ ብር እምብዛም አልገባበትም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ የዛሬው የማኅበረሰብ ጥበቃ ከዚያ ወዲህ የተተካ ነው።

አሁን በጓሳ የማኅበረሰቡ እንግዳ ማረፊያ አለ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የመጣ ሰው ይከፍላል። ይህ አያስነቅፍም፤ ማደሪያና መንገድ መሪ የፍሬው ወገን ናቸው። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገደኛን አስቀረ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በእንግዳ ብር ብቻ የቆመ ጥበቃ እንግዳ ሲጠፋ ጠባቂውንም ያጣል። ሰላም ሲወርድ ቀድሞ የሚመለሰው ሣር አጫጁ ገበሬ ነውና ዋናው መሠረት እርሱ ሊሆን ይገባል፤ የእንግዳ ገቢ ድጎማ ነው።

የወፍ ዋሻ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። የቆላው መስኖ ተጠቃሚ የመስኖ ውሃ በሚያከፋፍለው የውሃ አባት በኩል በብር፣ በእህል ወይም በጉልበት ለደጋው ጠባቂ ቢያዋጣ ውሃ ገዛ አይባልም፤ የጠባቂውን ድካም ከፈለ እንጂ።