የጋራ የሆነ ነገር የማንም አይደለምን?



በጉጂና በባሌ ምድር መካከል በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ 254 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። በከብት አገር በቆላችን ግን ከኃይሉ ሌላ ቀድሞ ያልነበረ ሰፊ ሐይቅ አስገኝቷል። ሐይቅ ባለበት ዓሣ አለ፤ ዓሣ ባለበትም መረብ አይታጣም። ስለዚህ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ከወዲሁ ልናነሣ እንወዳለን፤ ማንም ያልጠበቀውን የጋራ ሀብት እንደ ልብ መውሰድ ኃጢአት ነውን?

ሰው በሠራው ሐይቅ የሚገኝ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሰው ድካም አለበት። በ1952 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቆቃ ግድብ ሐይቅ የሚጠመደው ካርፕ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘር ነው። በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከልም የቆሮሶ ጫጩት እያራባ ወደ ግድቦችና ኩሬዎች እንዲጨመር ሲያደርግ ኖሯል። እንግዲህ ይህ ሀብት በሕዝብ ገንዘብ የተዘራ አዝመራ ነው ማለት ይቻላል።

«እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል» የሚል አይጠፋም። ይህ አነጋገር ግን የራሳችንን ጽድቅ በሌላው በደል መለካት ነው። ሁሉም እንዲህ ካለ ደግሞ የተፈራው ጥፋት መድረሱ አይቀርም። በጫሞ ሐይቅ የነጭ ዓሣ ሀብት ከልክ በላይ በማጥመድ ክፉኛ ተመናምኗል። ዓይነ ጠባብ መረብ እንቁላል ያልጣለውን ዓሣ ሲያወጣ የሚዘረፈው የከርሞው አጥማጅና ገና ያልተወለደው ልጅ ነው። የተዘረፈው ሰው በቦታው ባይኖርም ዝርፊያው ዝርፊያ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. እግዚአብሔር ምድርንና ሀብቷን ለሰው ሁሉ እንደሰጠ አስተምሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ይህ ስጦታ ለሚመጣው ትውልድም እንደሆነ አሳስበዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል፤ ዘር እንዳይጠፋ ማለት ነው። በዓሣ ዘንድ ትንሹን መልቀቅ የዚሁ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ የተራበውን ከነጋዴው ጋር አንድ አድርገን አንፈርድም። ቅዱስ ቶማስ አኳይናስ በብርቱ ችግር ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን የወሰደ ሰው እንደ ሌባ እንደማይቆጠር አስተምሯል። ለልጆቹ እራት ሁለት ትንንሽ ዓሣ ያወጣ አባት ከዚህ ሊቈጠር ይችላል። ለገበያ በኩንታል የሚያግዝ ግን በእርሱ ራብ ሊመካኝ አይገባውም።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በዱብሉቅና በሌሎችም የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች «አባ ሄሬጋ» የተባለው ሹም ከብት የሚጠጣበትን ተራ ይመራል። ውኃው የጋራ ስለሆነ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓት ባይኖረው የብርቱው ብቻ በሆነ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅም አጠማመድን በሥርዓት የሚገዛ ነው። ሕጉን የሚያስከብር ሹም በየዳርቻው ስለማይቆም ግን የኅሊና ጠባቂነት ያስፈልጋል።

ስለዚህ በጾም ወራት ዓሣ የምንገዛ ሁሉ ትንንሹን አንግዛ፤ ገዢ ከሌለ አጥማጅም አይደክምበትምና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ስታስተምሩ የጋራውን ሀብት ጨምሩበት፤ አጥማጅ ወጣቶችም በማኅበር ተደራጅተው የመረባቸውን ልክና የሚያርፉበትን ወቅት ራሳቸው እንዲወስኑ አበረታቱ። እግዚአብሔር የሥራችንን ፍሬ ይባርክልን።