ለእጁ ወይስ ለክሩ?

ባለፈው ኅዳር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አራት ጥንድ ጓንት በጥቁር ፌስታል ይዤ ወደ ጎጃም በረንዳ ወረድኩ። ጓንቶቹ ጣት የላቸውም፤ አንጓንና መዳፍን ይሸፍናሉ፣ ጣቶቹን ነጻ ይተዋሉ። ሁሉንም የሠራኋቸው ራሴ ነኝ፣ እናቴ ለዓመታት ካጠራቀመችው ትርፍራፊ ክር። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር። ብዙ ባይሆንም ትንሽ።

መጀመሪያ ያገኘኋቸው ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ጫኝና አውራጅ ናቸው። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው አቅፈው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በሰፈር ስለምንተዋወቅ “እንዴት አደሩ ጋሼ” ብዬ አንዱን ጥንድ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። የቀኙን አጠለቁ፣ እጃቸውን ጨበጡ፣ ዘረጉ፣ እንደገና ጨበጡ። ከዚያ አወለቁትና ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ ይሄ የተሠራው ለእጅ ነው ወይስ ለክሩ?”

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ጓንቱን ገልብጠው ውስጡን አሳዩኝ። መዳፉ መሀል ላይ፣ አንዱ ክር አልቆ ሌላው የጀመረበት ቦታ፣ ሽንብራ የምታክል ቋጠሮ አለች። “ኩንታል ጀርባዬ ላይ አውጥቼ የጆንያውን ጠርዝ ስጨብጥ ይቺ ጠጠር ናት” አሉኝ። ቀጥለውም “ለመሆኑ ስንት ነው?” ብለው ጠየቁ። “ነጻ ነው” አልኩ። ሳቁ። “እንግዲያው ለዚህ ነው” አሉና ጓንቱን መለሱልኝ።

ቤቴ ስገባ ተናድጄ ነበር። ማታ ግን ጥያቄያቸው ከራሴ ጋር ያከራክረኝ ጀመር። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

ክሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እናቴ በሹራብ ማሽን የተማሪ ሹራብ እየሠራች ነው ያሳደገችን። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ቀለም ስላለው፣ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ የተረፈው ክር አልጋ ሥር ባለ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ደም የመሰለ ቀይ። “ክር አይጣልም” ትላለች። ምን እንደሚደረግበት ግን ተናግራ አታውቅም። ብቻ አይጣልም።

እኔ ደግሞ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ደንበኞቼ የሚነቁት እኛ ስንተኛ ስለሆነ ሌሊት እሠራለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም። ሙሉ ጓንት አድርጎ ኪቦርድ መምታት አይቻልም፣ ያለ ጓንት ደግሞ እጅ ይደነዝዛል። እናቴን “በእጅ መሥራት አስተምሪኝ” አልኳት። ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ ጎረቤት ይስቃል። ነገር ግን በአገራችን ጥጥ የሚፈትሉት ሴቶች ቢሆኑም ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበቡን የሚሸምኑት የዶርዜ ሰዎች በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ክርና ወንድ ዛሬ አልተዋወቁም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መርፌው ላይ 40 ያህል የክር ቀለበት ይጀመራል፣ አንጓው ላይ የሚለጠጥ ጠርዝ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ መዳፍ ይወጣል፣ በመጨረሻ ተጣጥፎ ጎኑ ይሰፋል፤ ለአውራ ጣት ቀዳዳ ይተዋል። አንድ ጥንድ ከ50 እስከ 60 ግራም ክር ይበላል። ችግሩ ትርፍራፊ ክር ሙሉ 50 ግራም ሆኖ አለመገኘቱ ነው፤ አንዱ 12 ግራም፣ ሌላው 7 ግራም ነው። እናም እያንዳንዷን ጥቅል በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ለሁለት እከፍላለሁ፣ ግራውና ቀኙ እኩል እንዲሆኑ። ይሄ ለኔ ዓይነት ሰው ጨዋታ ነው። የትኛውን ጥቅል የት ባስገባ ምንም ሳይቀር ያልቃል? ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሁሉ ሠርቼ ነበር። ከአራቱ ጥንድ በኋላ የቀረኝ ክር 3 ግራም ብቻ ነበር፤ በዚያ 3 ግራም ምን ያህል እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

አሁን ሳስበው ሰውየው ይሄንን ሠንጠረዥ ያዩት ይመስለኛል። ስሠራ የነበረው ክሩን ለመጨረስ ነው። አንዱ ክር ሲያልቅ ያለቀበት ቦታ ላይ ቋጥሬ እቀጥላለሁ፤ መዳፍ ይሁን የእጅ ጀርባ ግድ አልነበረኝም። በሥራዬም ይሄን አውቀዋለሁ። ለሌላ ደንበኛ ተጽፎ የተረፈ ኮድ አለ፣ መጣሉ ያሳዝናል፣ ስለዚህ እሱን የምናስገባበት ደንበኛ እንፈልጋለን። ከዚያ ደንበኛው “አይመቸኝም” ሲል እንገረማለን።

ግን ጥያቄው ከቋጠሮ ያለፈ ነው። ከትራፊ የሚሰጥ ነገር ስጦታ ነው ወይ?

አማርኛ እዚህ ላይ ይገርመኛል። ከአደጋ የዳነ ሰው “ተረፈ” ይባላል። ከማዕድ የቀረ እንጀራም “ተረፈ” ይባላል። ነጋዴ ከዋናው በላይ ሲያገኝ “አተረፈ” እንላለን፤ ያገኘው “ትርፍ” ነው። ከገበታ የቀረው ግን “ትራፊ”፣ ሲብስም “ትርፍራፊ” ነው። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ወንበር ሳይኖረው የተጫነ ሰው ራሱ “ትርፍ” ይባላል። መዳን፣ ማግኘት፣ መጣል፣ መጨናነቅ፣ ሁሉም ከአንድ ግስ ወጡ። አንድ ነገር ትርፍ ይሁን ትራፊ የሚወስነው ክሩ አይደለም፤ ማን እጅ ላይ እንዳለና እንዴት እንደደረሰው ነው።

ለዚህ ከመርካቶ የተሻለ ማስረጃ የለም። መርካቶ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.)፣ አራዳ የነበረው ገበያ ለነጮች ሰፈር ሲባል ተነቅሎ፣ “የአገሬው ሰው ወደዚያ ይሂድ” ተብሎ የተመደበ ቦታ ነው። የአገሬው ሰው የተጣለበትን ቦታ ምን እንዳደረገው ዛሬ እናያለን። ምን አለሽ ተራ ብትገቡ ደግሞ ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየጮኸ የሰበሰበው ሁሉ ሲሸጥ ታገኛላችሁ። የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል፣ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሆናል። እዚያ ማንም በትራፊ አያፍርም። ምክንያቱም ገዢው ያነሳል፣ ያንኳኳል፣ ይለካል፣ “ይሄ አይሆነኝም” ይላል፣ ዋጋ ይከራከራል። ሰልባጅ የሚገዛ ሰውም እንደዚያው ነው። ልብሱ የሌላ ሰው ትራፊ መሆኑን ያውቃል፤ ግን ከክምሩ መርጦ ያወጣው እሱ ስለሆነ ልብሱ የሱ ነው።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ኪቦርድና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል፤ ከዚያ በፊት በክርና በአዝራር የተሰፉ ሥራዎች ነበሩት። እኔ በየቀኑ የምጽፍባቸው ማሽኖች ሲሞቱ ምን እንደሚሆኑ ያየሁት እሱ ሥራ ላይ ነው። የሚደንቀኝ ግን ውበቱ ብቻ አይደለም። ያገኘውን ሁሉ አያስገባም፤ ለረጅም ጊዜ ይሰበስባል፣ ይለያል፣ ይመርጣል። 3 ግራም ብቻ በመቅረቱ የሚኮራ ሰው አይመስለኝም።

ድሪቶንም አስቡት። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተጥፎ የተሠራ ልብስ ነው፤ “ድሪቶ ለባሽ” ስድብ ነው። ባሕታዊ ሲለብሰው ግን ሰው ጉልበቱን ይስማል። ጨርቁ ያው ነው። አንዱ መረጠው፣ ሌላው ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሃይማኖቶቻችን ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። መርካቶ ውስጥ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ናቸው። በአንደኛው የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ይሰበካል፤ ሀብታሞቹ የሰጡት ከሚተርፋቸው ነበርና የሷ በለጠ። በሌላኛው፣ ቢሰጥህ ዓይንህን ሳትጨፍን የማትቀበለውን ነገር መርጠህ አትመጽውት የሚል ትምህርት አለ። ሁለተኛውን ለራሴ እንደ ፈተና ወሰድኩት። ይሄን ጓንት ቢሰጡኝ እቀበላለሁ ወይ?

እዚህ ላይ ተያዝኩ። እቀበላለሁ! ተቀብዬ ለብሼውም ነበር። የመጀመሪያው ጥንድ፣ ቋጠሮው ሳይቀር፣ እኔው እጅ ላይ ነበር፤ ኪቦርድ መዳፍ ስለማይነካ ምንም አልተሰማኝም። ፈተናውን በሐቀኝነት አልፌያለሁ፣ ሰውየው ግን ጠጠር ሰጠኋቸው። “ለራስህ የምትወደውን ለሌላው አድርግ” የሚለው ሕግ ትልቅ ሕግ ነው። ግን የኔ እጅ የሳቸው እጅ አለመሆኑን አይነግረኝም። ያንን ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ይጠቅማል፤ ሄዶ መጠየቅ። እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር መዝኜ የሳቸውን እጅ ብቻ አልለካሁም።

ለዚህ አንድ ጠንካራ መልስ አለ፣ ልሸሸው አልፈልግም። “እጁ የበረደው ሰው ቋጠሮ አይመርጥም፤ ከምንም ይሻላል” የሚል። ከአራቱ ጥንዶች ሦስቱን ሌሎች ተቀብለውኛል፣ አንድ ወጣት እንዲያውም መርቆኛል። ሰውየው ስለመለሱት ብቻ የሦስቱ ሰዎች ሙቀት ውሸት አይሆንም። ብርድ ላይ ያለን ሰው “ጥሩውን እስክሠራ ጠብቅ” ማለትም ሌላ ዓይነት ኩራት ነው። ይሄን እቀበላለሁ። ሆኖም “ከምንም ይሻላል” የሚለው ሚዛን የተቀባዩን ችግር በበረታ ቁጥር የሰጪውን ግዴታ ያቀላል። በጣም ለበረደው ሰው በጣም መጥፎውን ጓንት መስጠት ይፈቅዳል። አንድ ቦታ ላይ ስህተት ያለበት ሚዛን ነው፤ ለተቸገረ ሲነገር ያምራል፣ ለራስ ሲነገር ግን ይቆረቁራል።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ጓንት አልያዝኩም፣ የእናቴን ሜትር ነበር የያዝኩት። “ጋሼ፣ እጅዎን ልለካ?” አልኳቸው። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዘረጉልኝ። የመዳፋቸው ዙሪያ ከኔ በአራት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የትኛው ቦታ እንደሚፋቅ፣ ገመድ ሲቋጥሩና ብር ሲቆጥሩ የትኞቹ ጣቶች ነጻ መሆን እንዳለባቸው አሳዩኝ። አንጓው ረዘም እንዲል ፈለጉ፤ ንፋሱ በዚያ ነው የሚገባው።

ያንን ጓንት ተረተርኩት። መተርተር ከመሥራት ይፈጥናል፣ ግን ያማል። አዲሱን በሁለት ክፍል ሠራሁት። መዳፉን ከሱቅ በገዛሁት አንድ ወጥ፣ ጠንካራ ክር፤ አንድም መቀጠያ የለውም። የእጁን ጀርባ ደግሞ ከፌስታሉ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ክር የምቀይረው ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ መቀጠያው ሁሉ ስፌቱ ውስጥ ገባ። ሸክም የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትራፊ አላስገባሁም። እናቴ አይታ “አሁን ጓንት ሆነ” አለች። ፌስታሉ ግን ብዙም አልጎደለም። ሠንጠረዡን አጠፋሁት።

ስወስድላቸው አጠለቁ፣ ጨበጡ፣ ዘረጉ። ከዚያ “ስንት ነው?” አሉኝ። “ነጻ” ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ተውኩት። “መዳፉን ክር ገዝቼ ነው የሠራሁት፣ ጀርባው የቤት ነው” አልኳቸው። የክሩን ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከኪሳቸው የታጠፈ ብር አውጥተው ቆጠሩልኝ፣ በነጻ ጣቶቻቸው። “የገዛኸውን እኔ ልክፈል። ትራፊው ያንተ ስጦታ ይሁን” አሉ።

ብሩን ተቀበልኩ። እጄ ትንሽ ከብዶት ነበር፣ ግን ተቀበልኩ።

ልሄድ ስል ያንን የመረቀኝን ወጣት አየሁት። የድሮውን፣ ባለቋጠሮውን ነው ያጠለቀው። “አምጣው፣ እንደሳቸው አድርጌ ልሥራልህ” አልኩት። እጁን አገላብጦ አየና “ተወው ወንድሜ፣ ለምጄዋለሁ” አለኝ። ወደ መኪናው ሄደ፣ ጆንያውን ጀርባው ላይ አወጡለት፣ ጠርዙን ጨበጠ። እውነት ለምዶት ይሁን፣ ወይስ ሁለተኛ መቀበል ከብዶት፣ አላወቅኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሜትሩን ይዤ እሄዳለሁ።