የሚቀር ሰው

ወላጅ ለሌለው ልጅ የሚደረግ በጎነት በምን ይመዘናል? በሰጪው ልብ ወይስ በልጁ ሕይወት? ብዙ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል፤ እኔ ግን ተለያይተው አይቻቸዋለሁ።

እናትና አባቴን ያጣሁት ነፍስ ሳላውቅ ነው። አክስቴ ይጁቤ ወስዳ እስክታሳድገኝ ድረስ በአንድ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ኖሬአለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ይመጡልን ነበር። ፀጉራችንን ይሠሩናል፣ ኳስ ያጫውቱናል፣ አቅፈውን ፎቶ ይነሣሉ። እያንዳንዳችን «የኔ» የምንለው እንግዳ እንይዛለን። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ሲሄዱ ትንንሾቹ መኪናውን እየተከተሉ ያለቅሳሉ። ከፍ ከፍ ያልነው አናለቅስም፤ ለሚቀጥለው እንግዳ እንዴት ፈገግ እንደሚባል ተምረናል። ዛሬ መምህርት ሆኜ፣ ያየችውን እንግዳ ሁሉ ሮጣ የምታቅፍ ልጅ ሳገኝ ፍቅር የጠገበች አትመስለኝም።

ወጣቶቹ ደጎች ነበሩ። የሰጡንን አምላክ አይረሳባቸውም። የመሄዳቸውን ዕዳ ግን የከፈልነው እኛ ልጆቹ ነን።

ወደ እኛ የሚመጡ ብዙ ክርስቲያኖች የሐዋርያው ያዕቆብን ቃል ይዘው ይመጣሉ፤ በምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይ ንጹሕ አምልኮ ሙት ልጆችንና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅ እንደሆነ ያስተምራል። እኔ ከዚህ ጎን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን አነብባለሁ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሊለያቸው ሲል ወላጅ እንደሌላቸው ልጆች እንደማይተዋቸው ቃል ገባላቸው፤ ለዘላለም አብሯቸው የሚኖር አጽናኝ እንደሚሰጣቸውም ነገራቸው። ለሙት ልጅ የሚደረግ ትልቁ ነገር አብሮት መቅረት እንደሆነ የተረዳሁት ከዚያ ነው።

አክስቴ አብራኝ ቀርታለች። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ወደ ዓባይ በሚያወርደው አገር ያለች የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። አክስቴ ጤፍ አረም ላይ ውላ ማታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሳተኩስም ሌሊቱን ግንባሬን ይዛ ታድራለች። ባጠፋሁ ጊዜ ትቆጣኛለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኮረፍኩት እሷ ቤት ነው። በማሳደጊያው እንግዳ ላይ የሚያኮርፍ ልጅ አልነበረም። ማኩረፍ የሚችለው ነገም እንደማይተዉት የሚያውቅ ልጅ ነው።

የሚቀር ሰው ለልጅ ምን እንደሚያደርግ ሳይንስም ደርሶበታል። በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታትሏል። ገሚሶቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ፤ እነዚህ በሰው በመቅረብም በንግግርም በማሳደጊያ ከቀሩት ተሻሉ። ቀድሞ የወጣ ይበልጥ ተጠቀመ።

«ጥቂት ፍቅር ከምንም አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ሰው አለ። የጎጃምን የአብነት ተማሪ ያስብ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በማርያም ስም በየደጁ ቁራሽ የሚለምን ልጅ ነው። ቁራሹን የምትሰጠው ሴት ዳግመኛ ላታየው ትችላለች፤ ስጦታዋ ግን አያቆስለውም። ጎጆ አለው፣ ጓደኞች አሉት፣ ማታ ሲመለስ የኔታ እዚያው ናቸው። የአላፊ ሰው ስጦታ የሚባረከው ልጁ የሚመለስበት ሰው ሲኖረው ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበናም አላፊ መንገደኛ ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሲወጡ በድርቅ የተመታ ሕዝብ መካከል አለፉ፤ በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አገኙ። እሷን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ባለቤታቸው ሲቃወሙ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ቀሩ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ልጆቹ «እዳዬ» ይሏቸው ነበር።

ሁሉም ሰው እንደ እዳዬ ይሁን አልልም። የሚሄድ ሰውም ሥራ አለው። ከመጡልን መካከል አንዲት ነርስ ከእኛ ጋር ብዙም ሳትጫወት ቀኑን ከሞግዚቶቻችን ጋር ታሳልፍ ነበር፤ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ እንዴት እንደሚያጠጡ፣ የትኛውን ምልክት ሲያዩ ወደ ሐኪም እንደሚሮጡ አሳየቻቸው። እሷ ከሄደች በኋላም ሞግዚቶቹ በዚያው ሙያ ይይዙን ነበር። የሚቀረውን ሰው አበርትታ ሄዳለች።

የሚቀር ሰውም አለ። በዩኒሴፍ የ2015 እ.ኤ.አ. ግምት በዓለም ወላጅ አጥ ከተባሉት 140 ሚሊዮን ገደማ ልጆች መካከል እናትም አባትም የሌላቸው 15 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። የሌሎቹ አንድ ወላጅ በሕይወት አለ፤ ሁለቱንም ላጣውም አያት ወይም እንደኔ አክስት ልትኖረው ትችላለች። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ልጆቻችን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ ስትከለክል አደራው በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ከውጭ ለፋሲካ የምትመጡ የይጁቤ ልጆች ሆይ፣ ብስኩትና ካሜራ ይዛችሁ ማሳደጊያ አትሂዱ። በአጥቢያችሁ የልጅ ልጆቿን የምታሳድገውን አሮጊት ፈልጉ። የዓመቱን የጤና መድን መዋጮ ክፈሉላት፣ ደብተርና ዩኒፎርም ግዙላት። ልጆቹ የእናንተን ስም ባያውቁም ግድ የለም፤ የሷን ያውቃሉ። በሚቀጥለው ዓመትም ሳታስታውሳችሁ ክፈሉላት።