ቀይነቱ የማን ነው?

ታናሽ ወንድሜ ቀዩን በርበሬ ብቻ ለቅሞ እንዲያመጣ ቢታዘዝ አረንጓዴውን ቀላቅሎ አመጣ። «ሰነፍ!» ብዬ ሰደብኩት። «ሁሉም አንድ ይመስለኛል» ቢለኝም የዋሸኝ መሰለኝ።

ኋላ እንደ ተማርኩት፣ የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው። የበሰለ በርበሬ አብዛኛውን ውጦ በተለይ ቀዩን ይመልሳል። በዓይናችን ውስጥ ያሉት ሦስት ዓይነት ቀለም ለዪ ሕዋሳት የደረሳቸውን ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም አመዛዝኖ «ቀይ» ይላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ቀይና አረንጓዴ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ዳልተን የራሱ ዓይን ቀለማትን እንደ ሌላው ሰው እንደማይለይ በ1794 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለሊቃውንት ገልጿል።

እንግዲህ ቀይነት በበርበሬው ብቻ ነውን? ወይስ በዓይናችን ብቻ? በርበሬው፣ ብርሃኑና ዓይናችን ሲገናኙ ነው። ታዲያ እውነት የለም ማለት ነውን? አይደለም። በርበሬው በእርግጥ በስሏል፤ ወንድሜም አልዋሸም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የዓይኑን ጉድለት የልቡ ስንፍና አደረግሁበት። ይቅርታም ጠየቅሁት።

ስለዚህ ወንድማችንን ከመስደባችን በፊት «ለአንተስ እንዴት ይታይሃል?» ብለን እንጠይቀው።