ዶሮዋ ምን በላች?

ልጄ፣ ቢሾፍቱ ዳር በተከራየኸው መሬት ላይ የዶሮ ኩስ በአይሱዙ እያስራገፍክ መሆኑን ሰማሁ። ፍግ መውደድህን አልነቅፍም። ብዙው ሰው ኩበቱን ምድጃ እየማገደ ማሳውን በሚያስርብበት አገር፣ ፍግ ወደ መሬት የሚመልስ ልጅ ምርቃት ይገባዋል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ከመግዛትህ በፊት ዶሮዋ ምን በላች ብለህ ጠይቅ።

ሣርና ገለባ የበላች ላም እበት ሌላ ነው። በፋብሪካ መኖ ውስጥ ግን ዚንክና መዳብ ይጨመራል። እንስሳው ጥቂቱን ይጠቀምበታል፣ አብዛኛውን ይጥለዋል። እስቲ እናስላው። በኪሎ 300 ሚሊግራም ዚንክ ያለበትን ደረቅ ኩስ በሄክታር 5 ቶን ብትበትን፣ 1.5 ኪሎ ዚንክ አስገባህ ማለት ነው። 60 ኩንታል በቆሎ ብታነሳና ፍሬው በኪሎ 20 ሚሊግራም ቢይዝ፣ ይዞልህ የሚወጣው 120 ግራም ነው። የተረፈው ከመሬትህ የሚሄድበት የለውም። ገለባው ይበሰብሳል፣ ናይትሮጅኑ ይተናል፤ ዚንክና መዳብ ግን ብረት ናቸውና አይበሰብሱም፣ አይተኑም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አፈርም እንዲያው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፉ አታይበትም። ዚንክ ያነሰው መሬት እንዲያውም ይጠግባል። ሲበዛ ግን ማርም ይመራል፤ በአፈሩ ውስጥ የሚሠሩት ነፍሳት ይዳከማሉ፣ ሥሩም ይጎዳል። ኮምፖስት ላድርገው ብትል አድርገው፣ ሽታውንና ተውሳኩን ይቀንስልሃል። ብረቱን አያወጣልህም፤ ክምሩ ሲከሳ እሱ በየኪሎው ይበዛል እንጂ።

በሰው አገር የሆነውን ስማ። አሜሪካ ለዶሮ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ከመኖ ጋር ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ኖሮ፣ የመጨረሻው ከገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መድኃኒቱ ሲቀር ማሳ የገባው አርሴኒክ አብሮ አልተጠረገም። የአውሮፓ ኅብረትም ለአሳማ ግልገል ተቅማጥ ይሰጥ የነበረውን ብዙ ዚንክ ኦክሳይድ እ.ኤ.አ. በ2022 አስቀርቷል፤ በአፈር መከማቸቱ አንዱ ምክንያት ነበር።

እናም ሳይቃጠል በቅጠል። አርቢውን የመኖውን ከረጢት አሳየኝ በለው። ኩሱን በየዓመቱ አንድ ማሳ ላይ አትድፋ፣ አዙረው። አፈርህን አስመርምር፤ አሲድነቱንም ጠይቅ፤ አሲዳማ አፈር ብረቱን ለሥር ይለቃልና ኖራ ያስፈልገዋል። በጎችህን ደግሞ ኩስ ከተበተነበት ሣር አርቃቸው። በግ እንደ ከብት መዳብ አይችልም፤ በጉበቱ ሲጠራቀም ሰንብቶ በድንገት ይጥለዋል።

መሬቱ የኪራይ ነው፣ ጣጣው ለባለቤቱ ይቀራል እንዳትለኝ። ባለመሬቷ የልጅ ልጅ ያላቸው እናት ናቸው። ምን ያህል እንደበተንክ በየዓመቱ ጻፍ፤ ማሳውን ስታስረክብ ያንን ደብተርና የምርመራውን ወረቀት በእጃቸው ስጣቸው።